የእጅ ሻንጣዬ ለምን ይከፈታል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በአራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በመጪው ወር ልጄን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን እሄዳለሁ። ከዐሥር ዓመት በፊት አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ስጓዝ የእጅ ሻንጣዬ በፍተሻ ላይ ተከፍቶ ዕቃዬ በሰው ፊት ተበተነ፤ አንድ ማሰሮ ማርም ተወሰደብኝ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልተረዳሁም። አሁን ደግሞ ጎረቤቶቼ ለልጆቻቸው በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ አድርሽልን ይሉኛል። ጉልበቴም ላይ በቀዶ ሕክምና ብረት ተገጥሞልኛል። ሳልጉላላ ለማለፍ ምን ላድርግ?
(እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ሻንጣዎ የተከፈተው እርስዎ ስለተጠረጠሩ አይደለም። መፈተሻ ማሽኑ ዕቃውን የሚለየው በተሠራበት ነገር ዓይነትና በጥቅጥቅነቱ ነው፤ ብረትን በሰማያዊ፣ ምግብን፣ ወረቀትንና ፕላስቲክን ደግሞ በብርቱካንማ ቀለም አድርጎ ለፈታሹ ያሳያል። አብዛኞቹ ፈንጂዎችም የሚታዩት በዚሁ በብርቱካንማው ቀለም ስለሆነ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የታሰረ ቅቤ ወይም በማሰሮ የተሞላ ማር በማሽኑ ምስል ማሳያ መስኮት ላይ ሲታይ ፈታሹ ከፍቶ ከማየት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ዕቃው በዕቃ ላይ ተደራርቦ ከተጠቀጠቀ ደግሞ ምስሉ ስለሚደባለቅ ምንም የሚያስነውር ነገር ሳይኖር ሊከፈት ይችላል።

ማርዎ የተወሰደበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት የተጠነሰሰ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ፣ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ መያዣ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም ተሰብስቦም 1 ሊትር በሚይዝ ውስጡ በሚታይ ከረጢት እንዲገባ በብዙ አገሮች ተደነገገ። ማር፣ ቅቤ፣ የፊት ቅባትና የጥርስ ሳሙና ሁሉ በዚህ ደንብ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። የሚለካው መያዣው እንጂ በውስጡ የቀረው መጠን ስላልሆነ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ትልቅ ጠርሙስም አያልፍም። በሐኪም የታዘዘ ፈሳሽ መድኃኒት ከዚህ ልክ ነፃ ቢሆንም ከማዘዣው ጋር ለብቻው ተለይቶ መያዝና ለፈታሹ መነገር አለበት።

በርበሬና ሽሮን በተመለከተ፣ አሜሪካ ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ እርሷ በሚበሩ አውሮፕላኖች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግበት ስላደረገች፣ በርበሬውም ሽሮውም ቅቤውም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ቋንጣ ግን በየትኛውም ሻንጣ አይያዙ፤ ሥጋ ስለሆነ የአሜሪካ ጉምሩክ አያስገባውም።

በእኛ አስተያየት ከማሽኑ ይልቅ የሚያስቸግረው የአደራ ዕቃ ነው። በተለይ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይ፣ ሻንጣውን ራስዎ አሰናድተው እንደሆነና ከሌላ ሰው የተቀበሉት ነገር ካለ መጠየቅዎ አይቀርም፤ ያላዩትን ዕቃ የያዘ ሰው ደግሞ ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ጎረቤት ማስቀየም ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ዕቃውን ሳይታሸግ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲያመጡልዎ፣ በፊታቸው ከፍተው አይተው ራስዎ እንደሚያሽጉት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በዚህ የሚቀየም ጎረቤት ካለ ዕቃው ቢቀር ይሻላል። በመጨረሻዋ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮት የሚቀበሏት ፌስታል ከሁሉም የከፋች ናት። በውስጧ ያለው ነገር ሕገ ወጥ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው የተሸከመው ሰው ነው።

ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ በኩል ቦሌ ሩቅ ባይሆንም ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ከልጅዎ ጋር ያረጋግጡ፤ 00፡40 የሚል ቲኬት ከሌሊቱ 6፡40 ማለት ሲሆን ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ ከቤት የሚወጡት በዋዜማው ማታ ነው። ፍተሻው የሚጀምረው ገና ከሕንፃው መግቢያ ሲሆን፣ ሸኚዎች ከዚያ ስለማያልፉ ፓስፖርትና ቲኬትዎን በእጅዎ ይያዙ እንጂ ከሻንጣው ሥር አይቅበሯቸው። ሁለተኛው ፍተሻ ከኢሚግሬሽን በኋላ ይጠብቅዎታል፤ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛም በመሳፈሪያው በር ላይ እንደገና መፈተሽ የተለመደ ነው። በሁሉም ቦታ ጫማ፣ ቀበቶ፣ ሰዓትና ስልክ ስለሚወልቁ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። ወርቅዎን እቤት ማውለቅና በትንሽ ቦርሳ መያዝ ሰልፍ ላይ ከመታገል ያድናል።

ፓወር ባንክ ከያዙ ቦታው የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ በእሳት ቢያያዝ መንገደኞች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሰው ሊደርስበት ይችላል፣ ከታች በዕቃ መጫኛው ውስጥ ግን አይደርስበትም። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ በተለምዶ 20,000 የሚል ቁጥር ያለበት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል።

ስለ ጉልበትዎ፣ በብረት መፈተሻው በር ከማለፍዎ በፊት ለፈታሿ ይንገሯት፤ በሩ ከጮኸ በኋላ ከማስረዳት ይህ ይቀላል። የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ ቢይዙ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከፍተሻ ነፃ አያደርግዎትም፤ ሴት ፈታሽ በእጇ ትፈትሽዎታለች፣ ከሰው ዓይን ገለል ባለ ክፍል እንዲሆን መጠየቅም ይችላሉ። ቆሞ መጠበቅ የሚከብድዎ ከሆነ የጎማ ወንበር እንደሚያስፈልግዎ ለአየር መንገዱ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ያስመዝግቡ፤ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ በየፍተሻው አብሮዎት ይሄዳል።