ስሌቱንም መዝግቡ

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

የሰውን አረማመድ በመመርመርና በማከም ብዙ ዘመን ከሠራሁ በኋላ ላስተላልፍላችሁ የምወደው ምክር አንድ ነው፤ ታካሚያችሁ በቃሉ እያሰላ እንዲራመድ ስታዙት እግሩን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም መዝግቡ።

መራመድ ከሕፃንነት ጀምሮ የለመድነው በመሆኑ ሐሳብ የማይጠይቅ ይመስለናል። እግርን የማፈራረቁ መሠረታዊ ምት በእርግጥ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ባሉ የነርቭ መረቦች ይታገዛል፤ ፍጥነትን መወሰን፣ እንቅፋትን መሻገርና የተናጋ ሚዛንን ማቃናት ግን ትኩረት ይሻሉ። ከ100 ላይ 7 እየቀነሰ 93፣ 86፣ 79 እያለ የሚወርድ ሰውም የደረሰበትን ቁጥር መያዝ፣ መቀነስ፣ ውጤቱን መናገርና አዲሱን ቁጥር እንደገና መያዝ ስላለበት፣ ከዚሁ ውስን ትኩረት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የአንጎሉ የፊተኛው ክፍል ለሁለቱም ይሠራል።

ውጤቱ በእግር ላይ ይታያል፦ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ጤናማ ወጣት ጥቂት ቢዘገይም ምቱ ብዙም አይዛባም፤ ለመውደቅ በተጋለጡ አረጋውያንና እንቅስቃሴን በሚያዛባው የአንጎል ሕመም፣ በፓርኪንሰን፣ በተያዙ ሕሙማን ዘንድ ግን ከአንዱ እርምጃ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ይዋዥቃል። እኔን ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ መዋዠቅ ነው፤ መዘግየት የጥንቃቄ ምርጫ ሊሆን ይችላል፣ መዋዠቅን ግን ማንም አይመርጠውም።

በስዊድን ተካሂዶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አጭር ጥናት ይህን ጉዳይ ለብዙዎቻችን ግልጽ አድርጎልናል። ከተጠኑት 58 አረጋውያን መካከል 12ቱ እየተራመዱ ሳለ ሰው ሲያነጋግራቸው ቆም ይሉ ነበር፤ ከእነዚህም 10ሩ በቀጣዮቹ 6 ወራት ውስጥ ወደቁ። ይህ እንግዲህ በተራ ወግ የታየ ነው።

አሁን ወደ ምክሬ ልመለስ። አንድ ታካሚ ያለ ስሌት በሰከንድ 1.2 ሜትር ሲሄድ ቆይቶ እያሰላ ወደ 0.9 ሜትር ቢወርድ ኪሳራው 25 በመቶ ነው። ሌላው በሁለቱም ጊዜ 1.2 ሜትር ቢሄድ ጀማሪ ባለሙያ «ይህኛው ደህና ነው» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ይህ ሰው ተቀምጦ አሥር ጊዜ በትክክል ይቀንስ የነበረ ሆኖ ሲራመድ ከሦስት ካላለፈ፣ ዋጋውን የከፈለው በስሌቱ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መልሱን ላለመሳት እየታገለ እግሩን የሚዘነጋ ሰው፣ ማለትም ሚዛኑን ማስቀደም ሲገባው ቁጥሩን የሚያስቀድም። በፓርኪንሰን ሕሙማን ዘንድ ይህ ተደጋግሞ ታይቷል። የእግሩን ፍጥነት ብቻ የያዘ መዝገብ ከሦስቱ ሰዎች ማን ምን እንዳስቀደመ አያሳይም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ታካሚውን አስቀምጡና እየተራመደ ለሚያሰላበት ያህል ጊዜ ተቀምጦ እንዲያሰላ አድርጉ። ከ100 መጀመር ስለሚለመድና ቁጥሮቹ በቃል ስለሚያዙ መነሻውን ለውጡ። ሰባት መቀነስ ትምህርት ያላገኘን ሰው የሚፈትነው በትምህርቱ እንጂ በአረማመዱ አይደለም፤ ለእርሱ ሦስት ወይም አንድ መቀነስ ይበቃል። «ወደ እግርህ አተኩር» ወይም «ቁጥሩን እንዳትስት» ማለት ውጤቱን ስለሚለውጠው ለሁሉም አንድ ዓይነት ትእዛዝ ስጡ። ሲሳሳት አታርሙት፤ ኀፍረት ራሱ ትኩረት ይበላል። ከጎኑ ጥቂት ወደኋላ ብላችሁ፣ ቢንገዳገድ ልትይዙት በምትችሉበት ርቀት ተራመዱ።

በመካከል ቢቆም አትገፋፉት፤ የቆመበትን ቅጽበትና ያኔ የደረሰበትን ቁጥር ጻፉ። ውጤቱንም ለቤተሰቡ በሚገባ ቋንቋ አስረዱ፦ አባታቸው ደረጃ ሲወርድ ወይም መንገድ ሲሻገር ሒሳብም ሆነ ሌላ ማሰብ የሚሻ ጥያቄ እንዳይጠይቁት፣ ለመመለስ ቆም ሲልም እንዲጠብቁት ንገሯቸው።