ከካታሎግ በላይ ለምትከፍሉ ልጆች

ሰሞኑን አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ሻይ ስጠጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ አጠገቤ ተቀመጠና ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቀዩ አምስት ሳንቲም ነው። «ጋሼ፣ የ1936 ነው። የጃንሆይ! 5,000 ብሎኝ በ4,000 አስጨረስኩት» አለኝ። ፊቱ በርቷል። እውነቱን መናገር ከበደኝ።

ይሄን የምጽፍላችሁ ያኔ አፌ ላይ የቀረውን ነው።

ጡረታ እስክወጣ 34 ዓመት ባንክ ቤት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ አዳማ (እኔ አሁንም አንዳንዴ ናዝሬት የምላት)። በገንዘብ ያዥነት መስኮት ላይ ስቀመጥ ነው ሳንቲም መሰብሰብ የለመደብኝ። ሚስቴ «ደመወዝህን በሌላ ደመወዝ ትገዛበታለህ» ትለኝ ነበር። አልተሳሳተችም።

ወደ ልጁ ሳንቲም ልመለስ። አዎ፣ ላዩ ላይ ፲፱፻፴፮ ይላል። ግን እነዚያ ቀያይ 1፣ 5 እና 10 ሳንቲሞች ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዙ ለረጅም ዓመታት ታትመዋል። ቀኑ ሳይነካ ሳንቲሙ ብቻ ይጨመራል። ጠገራ ብርም እንዲሁ ነው። ላዩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች 1780 ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ የታተመው ሁሉ 1780 ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑን እያሳየ ዋጋ ሲቆልልባችሁ እየሸጠላችሁ ያለው ወሬ ነው።

ከካታሎግ (የሳንቲሞች ዋጋ ከተዘረዘረበት መጽሐፍ) በላይ አትክፈሉ ልላችሁ ግን አይደለም። እኔ ራሴ ከፍያለሁ። አንዴ ተሸውጄ፣ አንዴ አውቄ።

የተሸወድኩት በምኒልክ ብር ነው። የ1889፣ ፓሪስ የታተመው። አንበሳው ቁልጭ ብሏል፣ ዘውዱ አልተበላም። ሻጩ የካታሎጉን እጥፍ ጠየቀኝ። ሌላ ሰው ሊወስደው ማታ እንደሚመጣ ነገረኝ። (ያ ማታ የሚመጣው ሰውዬ እስከ ዛሬ አልመጣም።) ከፈልኩ። በሳምንቱ አንድ ወዳጄ ወርቅ ሠሪ አጉሊ መነጽሩን አይኑ ላይ አድርጎ ብሩን በቀስታ አዟዟረውና «ይቺ አንገት ላይ የነበረች ናት» አለኝ። ከንጉሡ ዘውድ ትክክል በላይ ጠርዙ ላይ የብየዳ ቦታ አለ። ማንጠልጠያው ተነቅሎ በሞረድ ተስተካክሏል። የምኒልክ ብር ጠርዝ ላይ ጽሑፍ አለው፤ እዚያች ቦታ ላይ ፊደሉ ጠፍቷል። ፊቱንም አንድ ሰው በአመድ ይሁን በጥርስ ሳሙና ፈትጎታል። አምፖል ስር ዘንበል ሲደረግ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጭረቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣሉ። ያልተነካ ሳንቲም ብርሃኑ ላዩ ላይ ይዞራል። የተፈተገ ግን እንደ ሳህን ያበራል፤ በቃ።

እጥፍ ከፈልኩ እላለሁ እንጂ እጥፍ እንኳ አይደለም። ካታሎጉ ዋጋ የጻፈው ላልተበየደና ላልተፈተገ ብር ነው። ለእኔዋ ብር ምንም ዋጋ አልጻፈም። አገራችን ውስጥ ጠገራና የምኒልክ ብር ጌጥ ሆኖ ስለኖረ ይሄ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። ፊቱን በኋላ።

አውቄ የከፈልኩት ደግሞ ለአንዲት የምኒልክ ግርሽ (የብሩ ዝርዝር) ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የካታሎጉን ሦስት እጥፍ ነበር ዋጋዋ። ለምን ከፈልኩ? ካታሎግ ሳንቲሞችን በአራት በአምስት ደረጃ ከፍሎ ነው የሚጽፈው፣ ከተበላ እስከ አዲስ። ይቺ ግን ከ«አዲስ»ም በላይ ነበረች። የአንበሳው ጋማ ክር በክር ይቆጠራል፤ ላይዋ ላይ የዓመታት ወይን ጠጅ ጥላ አርፎባታል። ፈረንጆቹ ይሄን ክፍተት ለመሙላት እስከ 70 የሚደርስ የነጥብ ደረጃ ይጠቀማሉ። አንዳንድ ሳንቲም ላይ የ64 እና የ65 ልዩነት በዓይን አይያዝም፣ ዋጋው ግን ዘሎ ይሄዳል። እኔ ያኔ ነጥብ አላውቅም፤ የማውቀው ብዙ ግርሽ በእጄ እንዳለፈና እንደሷ ያለች እንዳላየሁ ነው። ካታሎጉ ያላየውን እኔ አይቻለሁ። ለዚያ ነው የከፈልኩት።

ስለዚህ ከካታሎግ በላይ ልትከፍሉ ስትሉ አንድ ነገር አድርጉ። ትርፉን ለምን እንደምትከፍሉ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ምክንያቱ ሳንቲሙ ላይ በጣት የሚጠቆም ከሆነ ጥሩ። ምክንያቱ «ሰውዬው ብሎኛል» ወይም «ሌላው ሊቀድመኝ ነው» ከሆነ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ተነሱ።

መቅደምን በተመለከተ ትልልቆቹም አያመልጡም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ1933 የአሜሪካ የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም በጨረታ ቀርቦ ነበር። ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ በ18.9 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ግምቱን ለማለፍ ሁለት እልኸኛ ሀብታም ይበቃል። አልፈርድባቸውም፤ ለእኔና ለእናንተ ግን እልህ ውድ ነው።

ሌላው የሂሳብ ጉዳይ ነው። ካታሎግ የትናንት ዋጋ ነው። ጠገራ 28 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው፣ ማለት የአውንስ (31 ግራም ያህል ነው) ሦስት አራተኛ። ብር በአውንስ 30 ዶላር ሲሆን ማዕድኑ ብቻ 22 ዶላር ተኩል ያወጣል፤ 50 ሲገባ 37 ተኩል። ካታሎጉ ብር ሲረክስ የተጻፈ ከሆነ «ከካታሎግ በላይ» ያላችሁት ዋጋ ምናልባት ርካሽ ነው። ደግሞ ካታሎጉ የሚናገረው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሻጩ በየትኛው ተመን እንዳባዛው ጠይቁት። ሲንተባተብ ታያላችሁ።

የአክሱም ሳንቲም አለኝ የሚላችሁ ከመጣ ግን ዋጋ አትጠይቁ። ቅርስ ነው። ሂዱና ሙዚየም ውስጥ እዩት፣ እዚያ የሚያስከፍላችሁ የመግቢያ ብቻ ነው።

ያ ልጅ ነገሩን ደርሶበት በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሻጩ ገንዘቡን አልመልስም ብሎታል። እኔም የጠበቅኩት ይሄንኑ ነበር። ግን ሌላ ነገር ይዟል፣ አያቱ ከሳጥን ውስጥ ያወጡለት ክብ 25 ሳንቲም። መነጽሬን አወጣሁ። መዳቡ ላይ፣ በጃንሆይ ጆሮ ዙሪያና በፊደሎቹ ስር፣ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ልቤ ዘለለ። ያንን 25 መጀመሪያ ክብ አድርገው ሲያወጡት አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ ከብር የተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ነው ብለው ያሳልፉት ነበር፤ በኋላ ነው ጠርዙ እንደ አበባ የተጥመለመለው። ይቺ የዚያ ማጭበርበር ምስክር ሳትሆን አትቀርም። በካታሎግ ከሄድን ግን ገጽዋ የተበላሸ ተራ ሳንቲም ናት።

«ሦስት እጥፍ እሰጥሃለሁ» አልኩት፣ ምክንያቱንም አንድ በአንድ ነገርኩት። አጉሊ መነጽሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ አየ። ቆየ።

«ጋሼ፣ አይሸጥም» አለኝ። ሻዩን ግን እሱ ከፈለ።