አንባቢ ይጠይቃል፦ ነቅለን የከመርነው እምቦጭ ወዴት ይሄዳል?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከባህር ዳርና ከጣና ዙሪያ ናቸው። ክረምት ወጥቶ እምቦጩ ማበብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ዓይኑ ሐይቁ ላይ ነው መሰለኝ። የሚመሳሰሉትን አጠጋግቼ መልሻለሁ።

«ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን እምቦጭ ስንነቅል ዋልን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ። የነቀልነውን እዛው ዳር ላይ ከምረነው መጣን። ከሳምንታት በኋላ ሄጄ ሳየው ክምሩ ሟሙቶ ትንሽ ሆኗል፣ ከስሩም ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ይንጠባጠባል። ያ ሁሉ ነገር የት ገባ? ልፋታችን ከንቱ ነው እንዴ?» (ከሽምብጥ፣ ተማሪ)

ከንቱስ አይደለም ወንድሜ፣ ግን ስራው ግማሽ ላይ ነው የቆመው። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ክምሩ መሟሟቱ አይግረምህ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ውሃው ነው። ቁምነገሩ የቀረችው ትንሿ ነገር ላይ ነው። እሷ ውስጥ ካርቦን አለ፣ ናይትሮጅን አለ፣ ፎስፈረስ አለ፣ የሶስቱም መንገድ ለየቅል ነው።

ካርቦኑን እምቦጩ በቅጠሉ ከአየር ነው የወሰደው፣ ሲበሰብስም ወደ አየር ይመለሳል። ክምሩ ላይኛው ክፍል አየር ስለሚያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ መሀሉ ግን ረጥቦ የታፈነ ስለሆነ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች ሚቴን ነው የሚያወጡት፣ ሚቴን ደግሞ ሙቀት በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በጣም የባሰ ነው። ናይትሮጅኑ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል (ያ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ እሱ ነው)፣ ከፊሉ በውሃ ይታጠባል። ፎስፈረስ ግን ጋዝ ሆኖ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ውሃ ወደወሰደው ነው የሚሄደው፣ ውሃ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚወስደው። ያ ያየኸው ጥቁር ጠብታ ውስጥ ፎስፈረሱም ናይትሮጅኑም አለበት፣ ቀጥታ ለሚቀጥለው እምቦጭ የሚቀርብ ምግብ ነው።

መጀመሪያስ ፎስፈረሱ ከየት መጣ ካልክ ከማሳ ነው። ሐምሌ ላይ ጉማራን ወይ ርብን ድልድይ ላይ ቆመህ አይተህ ከሆነ ውሃው ቀይ ጭቃ ነው። ፎስፈረስ የአፈር ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው፣ ገበሬው የከፈለበት ማዳበሪያም ከአፈሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፣ አራቱም የታረሰ አገር አቋርጠው ነው የሚመጡት። የከተማው ፍሳሽ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ስለዚህ ንፋስ በመጣ ቁጥር ስሩ ይታመሳል፣ ደለሉ ላይ ያረፈው ፎስፈረስም ተመልሶ ይነሳል። ጥልቅ ውቅያኖስ ውስጥ የሰመጠ ነገር ለመቶዎችና ለሺህ ዓመታት ላይመለስ ይችላል፣ ጣና ላይ ግን አንድ ሀይለኛ ንፋስ ይበቃል።

በነገራችን ላይ የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን ነው፣ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም ገደማ ነው። እዛ አገሩ ያለው ደን ፎስፈረስ በዝናብ ስለሚታጠብበት ከየት ይተካለታል መሰላችሁ፣ ከፊሉ ከቻድ በረሃ በንፋስ አትላንቲክን ተሻግሮ በሚሄድ አቧራ! ጋዝ መሆን ባይችልም አቧራ ሆኖ ይበራል ማለት ነው። የኛው እምቦጭ ግን አቧራ መጠበቅ አላስፈለገውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ክምሩን ጎርፍና የሐይቁ ሙላት ከማይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ አውጡት። ከተቻለ ከእበትና ከደረቅ ገለባ ጋር ቀላቅላችሁ ኮምፖስት አድርጉት፣ እጅ ሲገባበት የሚያቃጥል ያህል መሞቅ አለበት፣ ያለዚያ ዘሩ አይሞትም፣ የእምቦጭ ዘር ደግሞ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አበባ የያዘውን ለብቻው ብታደርጉት ይመረጣል። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት አካባቢ የተነቀለውን ለጎመንና ለሰላጣ አትጠቀሙበት፣ እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውሃ እየመጠጠ ስሩ ላይ ያከማቻል፣ ለዛፍ ችግኝ ብታደርጉት ይሻላል። ዳር ላይ ያለውን ደንገል ግን ባካችሁ አትንኩት። ጎርፉን አቀዝቅዞ ደለሉን የሚያስቀረው፣ ስሩም ስር ለዓመታት ካርቦን የሚያከማቸው እሱ ነው። እምቦጭ ለማውጣት ተብሎ ደንገል ሲጨፈጨፍ ሳይ ያናድደኛል።

«ልጄ ትምህርት ቤት ውቅያኖስ ካርቦን ይውጣል ተብሎ ተምሮ መጥቶ ጣናስ አይውጥም ወይ እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ምን ልበለው?» (ከባህር ዳር፣ የልጆች አባት)

ልጁ ጥሩ ጠይቋል ጋሼ። ውቅያኖስ ሰዎች በነዳጅና በደን ጭፍጨፋ ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ሁለት ነገር ነው የሚረዳው። አንደኛ ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝ ይይዛል (ለስላሳ ሲሞቅ ጋዙ እንደሚያመልጠው ማለት ነው)፣ ዋልታዎቹ አካባቢ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ካርቦኑን እንደያዘ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። ሁለተኛ በዓይን የማይታዩ ፕላንክተኖች ካርቦኑን ይበሉታል፣ ሲሞቱ ወደ ታች ይዘንባሉ፣ ብዙው መንገድ ላይ ይበላል፣ ወለሉ ድረስ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ያህል ቢሆን ነው። ግን በውቅያኖስ ስፋት ሲባዛ ብዙ ነው። ዋጋም አለው ታዲያ፣ የባህሩ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ ጨመረ ማለት ነው) ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ ከ8.2 አካባቢ ወደ 8.1 ወርዷል፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ዛጎል ለሚሰሩት ፍጥረታት ትንሽ አይደለም።

ሐይቆች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኞቹ ሐይቆች ከሚውጡት ይልቅ ወደ አየር የሚያወጡት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወንዞች ከየብስ ቅጠልና አፈር ያመጡላቸዋል፣ እሱ እዛ ይበሰብሳል። የተወሰነውን ደለል ውስጥ ይቀብሩታል። ለልጁ፣ ሐይቅ ለካርቦን ማለፊያ ነው፣ ጥቂቱን ያስቀራል፣ ብዙውን ወደ አየር ይለቃል ይበሉት።

«አባይ የኛን አፈር ተሸክሞ ነው ባህር የሚገባው ይባላል። አሁን ህዳሴ ግድብ ደለሉን ሲያስቀረው የባህሩ ዓሳ ሊራብ ነው?» (ከጢስ አባይ)

አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ኖሮ አሁን ማደሪያ አገኘ መሰል! ግንዱም ካርቦን ነው እንግዲህ፣ አፈሩም።

ሲጀመር ከጣና የሚወጣው ውሃ ደለሉን ብዙውን ሐይቁ ውስጥ ጥሎት ነው የሚሄደው። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው የአባይ ደለል በአብዛኛው ከጢስ አባይ በታች ካሉት ገባሮች ነው የሚመጣው፣ ውሃውም ቢሆን ድንበር ላይ ሲደርስ የጣና ድርሻ ከ10 በመቶ ያንሳል።

ባህሩን በተመለከተ ጥያቄህ ቢያንስ ስልሳ ዓመት ዘግይቷል። ድሮ የክረምቱ ጎርፍ ግብጽ ጫፍ ሜዲትራንያን ሲገባ ባህሩ በፕላንክተን ይለመልም ነበር፣ ሰርዲን ዓሳም እሱን ተከትሎ ይመጣል። በ1962 እ.ኤ.አ 18,000 ቶን ገደማ ሰርዲን ይሰገር ነበር። የአስዋን ግድብ በ1964 ጎርፉን ማስቀረት ሲጀምር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። የሚገርመው ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሳው ተመልሷል፣ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በዋናነት የግብጽ እርሻ ማዳበሪያና የከተሞቹ ፍሳሽ የኛን አፈር ተክቶ እየመገበው ነው። ስለዚህ በህዳሴ ምክንያት ሜዲትራንያን የሚጎድልበት ደለል የለም፣ አስቀድሞ ቆሞበታል። ለውጡ የሚታየው ሱዳን ላይ ነው፣ የሮሰሪስ ግድብ በደለል መሞላቱ ይቀንስለታል፣ በአንጻሩ በጎርፍ የሚለሙት የወንዝ ዳር ማሳዎች ያ አዲስ አፈር ይጎድልባቸዋል።

ደለል ቢቀርም የማይቀር ነገር አለ። ዝናብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ቀለል ያለ አሲድ ነው፣ የኛን ደጋ የሸፈነውን የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ያ ካርቦን ባይካርቦኔት ሆኖ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይሄዳል፣ ግድብ እንደ ጭቃ አያግደውም፣ ባህር የደረሰው የባህር ፍጥረታት ዛጎል ይሰሩበታል። ባህሩም ቢሆን ከወንዝ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ለምሳሌ እኛ ጋ ክረምት በሆነበት ሰሞን ሶማሊያ ጠረፍ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ ላይኛውን ውሃ እየገፋ ከስር ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበት ውሃ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ዓሳውም እዛ ይበዛል።

«እንጨት ስለሌለ ኩበት ነው የማነደው። ማሳውን እየጎዳሁ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ እውነት ነው?» (ከወረታ፣ የቤት እመቤት)

በከፊል እውነት ነው እህቴ። ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ ማሳው ላይ ቢሆን አፈሩን ያለሰልሰው ነበር። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። እንጨት ከሌለ ምን ታደርጊ፣ አንቺን የሚወቅስ ሰው አማራጭ ያምጣ። አመዱን ግን ቦይ ውስጥ አትድፊው፣ ጎርፉ ቀጥታ ሐይቅ ነው የሚያስገባው። ጎመኑና ጌሾው ስር በትንሽ በትንሹ በትነሽ ከአፈር ጋር ቀላቅይው፣ መሬትሽ አሲድ የበዛበት ቀይ አፈር ከሆነ እንደ ኖራም ያገለግልሻል። ዩሪያ ከምትበትኚ እለት ጋር ብቻ አታገጣጥሚው፣ አመድ ሲነካው ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ቶሎ ይተንብሻል።