የዕድገት ሆርሞን ለአንጎል የሚያደርሰው ወሬ

ሰሞኑን ስለ ዕድገት ሆርሞን ከጠየቃችሁኝ አራቱን ልመልስ።

«ሆርሞኑ ሲበዛ ማን ያስቆመዋል?»

ራሱ ነው። የሚያመነጨው ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። እሷን የሚያዙት ደግሞ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች ናቸው። አንደኞቹ «ልቀቂ» የሚል ሆርሞን ይልካሉ። ሌሎቹ ሶማቶስታቲን በሚባለው ሆርሞን «በቃ» ይሏታል። የዕድገት ሆርሞን በደም ዞሮ እነዚሁ ሴሎች ዘንድ ይመለሳል፤ አስለቃቂዎቹን ዝም ያሰኛል፣ ከልካዮቹን ያነቃል። ጉበትም በሆርሞኑ ትእዛዝ አይጂኤፍ-1 የሚባል ሌላ ሆርሞን ይሠራል። እሱም ለዕጢዋም ለሃይፖታላመስም ያንኑ «በቃ» ያደርሳል።

«ስመረመር የዕድገት ሆርሞኔ ከዜሮ ብዙም አይበልጥም ተባልኩ። ልስጋ?»

በዚህ ውጤት ብቻ አይስጉ። ሆርሞኑ በየተወሰነ ጊዜ ባንዴ ይለቀቃል፤ ከዚያ ጋብ ይላል። ጋብ ሲል ደም ውስጥ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ትልቁ የሚለቀቀው እንቅልፍ እንደወሰደን፣ በመጀመሪያው ድብን ያለ እንቅልፍ ነው። አይጂኤፍ-1 ግን ቀኑን ሙሉ ብዙም አይዋዥቅም። ስለዚህ ሐኪምዎን ስለ እሱ ይጠይቁ።

«ሆርሞኑ ከፍተኛ ሆኖ ቁመት አጭር ሊሆን ይችላል?»

አዎ፤ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል። ላሮን ሲንድረም ይባላል። ሐኪሙ ዝቪ ላሮንና ባልደረቦቹ በ1966 እ.ኤ.አ. ገለጹት። ሕመሙ ያለበት ሰው ሰውነት የዕድገት ሆርሞንን የሚቀበልበት ተቀባይ አይሠራለትም። ጉበቱ ትእዛዙን ስለማይሰማ አይጂኤፍ-1 በጣም ያንሳል። አንጎሉም «በቃ» የሚለውን አይሰማም። ዕጢዋ ታዲያ ማፍሰሷን ትቀጥላለች። ለእነዚህ ልጆች የዕድገት ሆርሞን መጨመር ዋጋ የለውም። የሚረዳቸው የአይጂኤፍ-1 መርፌ ነው። መርፌውን ሲወጉ ያ የተከመረ የዕድገት ሆርሞን ይቀንሳል። ቁመቱን የሚጨምረው መርፌ አንጎልንም ያሳርፈዋል ማለት ነው። እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

«ምግብ ሳልበላ ስቆይ ለምን ይጨምራል?»

አንደኛ፣ አይጂኤፍ-1 ስለሚቀንስ ልጓሙ ይላላል። ሁለተኛ፣ ጨጓራ የምታመነጨው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ፒቱታሪ ዕጢን ይገፋፋል። ደግሞ የዕድገት ሆርሞን ረሃብን የሚቀሰቅሱ የነርቭ ሴሎችንም ያናግራል። አይጦች ላይ እነዚህ ሴሎች ተቀባዩን ሲያጡ፣ ምግብ ያነሳቸው ጊዜ ጉልበታቸውን እንደ ሌሎቹ መቆጠብ አቅቷቸዋል።