ነፋስ ለገረፈው የልጅ ጉንጭ፦ ቅባቱ ከመውጣታችሁ በፊት ይቅደም

እህቴ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅሽ ጉንጮቹ ቀልተው እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሻከራቸውን፣ ሎሽን ሲነካው አምርሮ እንደሚያለቅስ፣ ከውጭ በገባችሁ ቁጥር ብትቀቢውም ለውጥ እንዳላየሽ ጽፈሻል። የእኔም የመጀመሪያ ልጅ በዚሁ ዕድሜ እንዲሁ ሆኖ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ተሠቃይቷል። እኔም እንዳንቺ ከገባን በኋላ እየቀባሁ፣ ለምን አልዳነም እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። ጉንጩን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ፊቱ ላይ ያለው እርጥበት ጭምር መሆኑ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ደጅ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ ፊቱን ብቻ ተከታተልኩ። ንፍጡ ሲወርድ በቀኝ እጅጌው ከአፍንጫው እስከ ጆሮው ድረስ ይስበዋል። ለሀጩ አገጩን ያርሰዋል። ነፋሱ ያደርቀዋል፤ ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና ይረጥባል። ቤት ገብተን ፊቱን በብርሃን ሳየው ቅላቱ የእጅጌውን መንገድ ተከትሎ ተሰምሯል፤ የቀኙ ጉንጭ ከግራው ብሶ ነበር። አንጀቴ ተላወሰ። እኔ ራሴም በእርጥብ መጥረጊያ በቀን ስንት ጊዜ ስፈትገው ኖሬአለሁ።

የቆዳን የላይኛው ሽፋን እንደ ድንጋይ ግንብ አስቢው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ የቆዳው የራሱ ስብ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት በጣም ጥቂት ስለሆነ ከቆዳው ውሃ ይወስዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ቆዳው እየረጠበ እየደረቀ ሲውል ያ ስብ ይሸረሸራል። የሕፃናት ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ ስለሚሳሳ ቶሎ ይጎዳል። ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሽቶና እንዳይበላሽ የሚያደርግ ኬሚካል አለበት። የቆሰለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ልጅሽ እውነቱን ነው የሚያለቅሰው።

ስለዚህ ሎሽኑን ለጊዜው ተይውና ሽቶ የሌለው ንጹሕ ቫዝሊን ያዢ። ፊቱን በለብታ ውሃ ብቻ እጠቢው፤ ሳሙና ጉንጩ ላይ አይድረስ። ለስላሳ ፎጣ ጣል እያደረግሽ ውሃውን አስመጥጪው እንጂ አትሺው። ቆዳው ትንሽ ወዛ እንዳለ ቅባቱን ጣል አድርጊበት። ገላውንም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አጥበሽ ጨርሺ። እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ወፈር አድርገሽ ድገሚ፤ ሌሊት ለሀጩ ጉንጩ ላይ ሲፈስስ እንዳያርሰው ይከላከላል። ለእኛ የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በዚህ የሌሊት ቅባት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉንጩን በጣቴ ጀርባ ስነካው ፊቱን አላዞረብኝም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ግን ከመውጣታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድመሽ እንድትቀቢው ነው። ፊቱ ደረቅ መሆኑን አረጋግጪና ጉንጩን፣ አገጩን፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ቦታ በስሱ ሸፍኚው። ቫዝሊን ቆዳን ያሞቃል ማለት አይደለም፤ ንፍጥና ለሀጭ ቆዳውን እንዳይነኩት፣ ውሃውም ከውስጥ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ውጭ ስትቆዩ ደግሞ ለስላሳ መሐረብ ይዘሽ ንፍጡን ነካ እያደረግሽ አንሺለት። እኔ የቅባቷን ዕቃ ከልጄ ጫማ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ያለዚያ በጥድፊያ ይረሳል።

አንዳንዶች የወይራ ዘይት ይመክሩሻል። እኔም ሞክሬው ነበር፤ አልረዳንም። የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሊያላላ እንደሚችል በጥናት ስለታየ፣ ለተጎዳ ጉንጭ አልመርጠውም።

ሻርፕ ጥሩ ነው፤ ግን ውስጡን በእጅሽ ዳስሺው። ከልጁ ትንፋሽ ይረጥባል፤ ያ እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ ሲቀዘቅዝ ከነፋሱ አይሻልም። ስለዚህ ቅያሪ ያዢ፤ ፊቱን የሚነካው በኩል ሱፍ ሳይሆን ለስላሳ ጥጥ ይሁን። ረጅም ሻርፕ በጨዋታ መካከል አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል፣ በራስ የሚጠለቀው አጭር የአንገት ልብስ ይሻላል። አፍንጫው ምንጊዜም ነጻ ይሁን። በረዶ ባለበት ቦታ ከሆናችሁ ፀሐይዋንም አትርሻት፤ አዲስ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ መቀባት ይቻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያው አየሩን እንደሚያደርቅ አስቢና ከፍ አታድርጊው።

የጉንጩ ቀለም ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ከደነዘዘ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ብርዱ ሥጋውን መጉዳት ጀምሯል ማለት ነው። ቶሎ ወደ ሙቅ ቤት አስገቢው፤ መዳፍሽን ጉንጩ ላይ አሳርፈሽ አሙቂው፤ አትሺው፤ በበረዶም ሆነ በሙቅ ውሃ አትንኪው። ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ወይም መግል ካወጣ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ይህም ቫዝሊን የሚያድነው አይደለም። በጥፊ እንደተመታ ሁለቱም ጉንጮቹ ድንገት ቀልተው ትኩሳትም ከነበረው፣ ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ አጠገባችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ንገሪያት፤ እሷም ሐኪሟን ታማክር። ኮርቲዞን ያለበትን ቅባት ሐኪም ሳያዝልሽ ፊቱ ላይ እንዳትሞክሪ።

እስኪ አንድ ነገር አይተሽ ንገሪኝ፦ የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ ላይም እንዲሁ መሻከርና ማሳከክ አለ? ካለ ችፌ ሊሆን ስለሚችል የሕፃናት ሐኪም ይየው። ጉንጩ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ሲተኛ በቅባቱ ጀምሪ፤ በሳምንት ውስጥ ካልለዘበ ያን ጊዜም ለሐኪም አሳዪው።