ድራጎኑ ለምን በረረ? የፓላዲኑ እጅስ ለምን እምቢ አለ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ዲኤንዲን (ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ተጫዋቾች ባለታሪክ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) በ3.5 ዕትም ሕግ ትጫወታላችሁ። ሁላችሁም ሌቭል 12 ደርሳችኋል። አንተ ፓላዲን ነህ፤ በእምነቱ ኃይል የሚዋጋና የሚፈውስ ተዋጊ። ከቀይ ድራጎን ጋር ስትገጥሙ ዊዛርዳችሁ (አስማተኛው) አንቲማጂክ ፊልድ የሚባለውን፣ አስማትን የሚያፍን ክብ ዘረጋ። ዲኤማችሁ (ጨዋታውን የሚመራውና የሚዳኘው) «ድራጎኑ ክቡ ውስጥ እሳት አይተፋም፤ መብረር ግን ይበራል» አለ። የባርባሪያኑ ሬጅ (ተዋጊው ሲቆጣ የሚያገኘው ኃይል) ሠራ። አንተ የወደቀውን ጓደኛህን በእጅህ ነክተህ ልትፈውስ ስትል ግን «አይሆንም» ተባልክ። የከነከነህም እሱ ነው። «ሁሉም ከሰው አቅም በላይ ነው። ወይ ሁሉም ይጥፋ፣ ወይ ሁሉም ይሥራ» ብለሃል።

ዳር ዳር አልልም። በ3.5 ሕግ ዲኤማችሁ ልክ ነው። እንዲያውም እንደነገርከን ከሆነ ሕጉን ሙሉ በሙሉ አልተጠቀመበትም። ቢጠቀምበት ላንተ ይብስ ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

እኔ ባሕር ዳር ላይ ለዓመታት ዲኤም ሆኜ አጫውቻለሁ። እንደዚህ ነገር ጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ሕግ ብዙ አላየሁም። ጭቅጭቁ የሚመጣው ሰው ነገሩን በመልኩ ስለሚለካው ነው። እሳት መትፋት አስማት ይመስላል፣ መብረርም ይመስላል፣ ስለዚህ አንድ ናቸው ይላል። በ2003 የወጣው የ3.5 መጽሐፍ ግን መልክን አይጠይቅም። ከአብዛኛው ችሎታ ስም አጠገብ ሁለት ፊደል አስቀምጧል። ኢኤክስ ካለ ኤክስትራኦርዲናሪ ነው። ኤስዩ ካለ ሱፐርናቹራል (አስማታዊ) ነው። ኤስፒ ካለ ስፔል ላይክ (እንደ ስፔል፣ ማለትም እንደ አስማት ድግምት የሚሠራ) ነው። ዳኛው ይህ ምልክት ነው።

ኤክስትራኦርዲናሪ የሚባለው አስማት የለበትም። ከሥልጠና ወይም ከአካል የሚመጣ ነው። መጽሐፉ ራሱ እነዚህ ችሎታዎች የፊዚክስን ሕግ ሊጥሱ እንደሚችሉ በግልጽ ይናገራል፤ ቢጥሱም አስማት አይሆኑም። የሌባው ስኒክ አታክ (ያልተዘጋጀን ጠላት መምታት)፣ የባርባሪያኑ ሬጅ፣ ትሮል የሚባለው ጭራቅ ቁስል መግጠም እዚህ ውስጥ ናቸው። ድራጎን የሚበረው በክንፉ ነው። «ያን የሚያህል ክብደት እንዴት በክንፍ ይነሳል?» ብለህ ጠይቀሃል። በኛ ዓለም አይነሳም። በዚያ ዓለም ይነሳል፣ አስማትም አያስፈልገውም። እሳቱ ግን ኤስዩ ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ፊልዱ ውስጥ ይቆማል። ያንተም የመፈወሻ እጅ ያው ኤስዩ ነው። አንተና ድራጎኑ በአንድ ሕግ ነው የተዳኛችሁት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሱፐርናቹራል ችሎታ በሌላ ጊዜ የሚነካው የለም ማለት ይቻላል። ዲስፔል ማጂክ (አስማትን የሚሽር ስፔል) አይነካውም። ስፔል ሬዚስታንስ (አንዳንድ ፍጡር ያለው የስፔል መከላከያ) አያግደውም። ካውንተርስፔል (ስፔል ሲጣል ማክሸፍ) አይሠራበትም። ስትጠቀምበት ጠላት ነፃ ምት አያገኝብህም። ስፔል ላይክ የሆነው ግን ካውንተርስፔል ባይሠራበትም በሌሎቹ ሁሉ ሊመታ ይችላል። የሜዱሳን ዓይን፣ የቫምፓየርን ማፍዘዝ፣ የድሩይድን (የተፈጥሮ ካህኑን) ቅርጽ መለወጥ በአንዴ የሚይዝ መረብ ብትፈልግ በእጅህ ያለው አንቲማጂክ ፊልድ ነው። የስድስተኛ ደረጃ ስፔል የሆነው በከንቱ አይደለም። «አንዳንዱን ብቻ ይያዝ» ብሎ መደራደር ይህን ዋጋውን ያጠፋዋል። ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር የምለው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ማፈን ከማጥፋት መለየቱ ነው። መብራት ሲጠፋ አምፖሉ አልተቃጠለም፤ መስመሩ ሲመለስ ይበራል። ፊልዱም እንደዚያው ነው። ገብቶ የወጣ ሁሉ ችሎታው ይመለሳል። የተጠራ ፍጡር ከገባ ብን ይላል፤ ፊልዱ ከቦታው ሲነሳ የጥሪው ጊዜ ካላለቀ ተመልሶ ይታያል። ሰዓቱ ግን ታፍኖም ቢሆን ይቆጥራል። አካል የሌለው መንፈስ ብን ይላል፤ ዞምቢ ግን እየተጎተተ ይመጣል። የድንጋይ ጎለምም (በአስማት ተሠርቶ የሚንቀሳቀስ ሐውልት) ዝም ብሎ ይገባል። ሰውን የሚያዘገየው ችሎታው ኤስዩ ስለሆነ ይቆማል፤ ቡጢው ግን ያው ቡጢ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ዲኤማችሁ የፈውስ እጅህን ብቻ ነው የከለከለህ። የፓላዲንን ገጽ ገልጠህ ምልክቶቹን ተመልከት። ክፉን የምትመታበት ስማይት ኢቭል ኤስዩ ነው። ካሪዝማህን (የስብዕና ኃይልህን ቁጥር) በየሴቭህ (አደጋን ለመቋቋም በምትጥለው ዳይስ) ላይ የሚጨምርልህ ዲቫይን ግሬስም ኤስዩ ነው። ከፍርሃት የሚጠብቅህ ኦራ ኦፍ ከሬጅም እንደዚያው። በሽታ የማይዝህ መሆኑ ግን ኢኤክስ ነው፤ እሱ ይቀርልሃል። ድራጎኑስ? የሚያስፈራው ግርማው፣ ፍራይትፉል ፕረዘንስ የሚባለው፣ ኢኤክስ ነው! ፊልዱ አያቆመውም። ድራጎኑ ከናንተ የበለጠ ሂት ዳይስ (የጥንካሬ መለኪያ) ካለው፣ ከላያችሁ ሲያልፍ አንተም እንደሌላው ዊል ሴቭ (የመንፈስ ጽናት ዳይስ) መጣል አለብህ። ያውም ካሪዝማህ ሳይደመርልህ። ከወደቅክ ምትህም ሴቭህም በ2 ይቀንሳል። ፓላዲን ከሦስተኛው ሌቭል ጀምሮ የረሳው ፍርሃት እዚህ ቦታ ላይ ተመልሶ ይይዘዋል። እኔ ይህን በጣም ነው የምወደው። ለአንድ ባለታሪክ እንዲህ ያለ ቅጽበት በቀላሉ አይገኝም። እምነቱ ምንም የማይመልስለት ሦስት ሜትር መሬት ላይ ቆሞ፣ ያም ሆኖ ወደፊት መራመድ አለበት።

ሌላው የተረሳው ዕቃችሁ ነው። አስማት ያለበት ሰይፍ ፊልዱ ውስጥ ተራ ሰይፍ ይሆናል። በጥሩ እጅ የተሠራ ስለሆነ ብቻ ለመምታት +1 ይቀርለታል፤ ለጉዳት ምንም የለውም። ኮንስቲትዩሽን (የአካል ጥንካሬ) +4 የሚጨምር ክታብ አንገትህ ላይ ካለ ደግሞ ሞዲፋየርህ (ከዚያ ቁጥር የሚገኘው ጭማሪ) በ2 ይወርዳል። በሌቭል 12 ሲሰላ 24 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ማለት ነው። ድራጎኑ ነክሶህ 20 የቀረህ ሰው ሮጠህ ወደ ክቡ ብትገባ ትወድቃለህ። «መጠጊያ ነው» ብሎ የሚገባ ተጫዋች ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዲኤሙም አስቀድሞ ቢነግረው ደግ ነው።

ስለ ክቡ ስፋትም አንድ ነገር ልጨምር። በ3.5 ፊልዱ በዊዛርዱ ዙሪያ 10 ጫማ ራዲየስ ነው፤ ሦስት ሜትር ገደማ። ከእሱ ጋር ይንቀሳቀሳል። አንድ ጎልማሳ ቀይ ድራጎን 15 ጫማ ቦታ ይይዛል። ገላው ከፊሉ ውጭ ከሆነ ውጭ የቀረው ክፍል አይታፈንም ብዬ ነው የምዳኘው። ጭንቅላቱ ውጭ ከሆነ መትፋት ይችላል። የተፋው እሳት ግን ክቡ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ውስጥ ያላችሁት አትቃጠሉም፤ ውጭ የቀረው ጓደኛችሁ ይቃጠላል። ድራጎን ብልህ ፍጡር ነው። ሁለተኛ ዙር ላይ ነገሩ ይገባዋል። ከፍ ብሎ ይነሳና ውጭ ያሉትን ያሳድዳል፤ ወይም ከላይ ቋጥኝ ይለቃል። ቋጥኝ ደግሞ አስማት አይደለም።

ፓዝፋይንደር የመጀመሪያው ዕትም፣ የ2009ኙ፣ ሦስቱን ምልክቶች ከነትርጉማቸው ወርሷል፤ ስለዚህ ያልኩት ሁሉ በአብዛኛው እዚያም ይሠራል። የ2014ቱ አምስተኛ ዕትም ግን ሌላ ነው። እነዚህ ምልክቶች የሉበትም። እዚያ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ነገሩ ስፔል ነው ወይ? አስማታዊ ዕቃ ነው ወይ? በስፔል ስሎት (ስፔል ለመጣል በተወሰነልህ ቁጥር) ነው የሚሠራው ወይ? ጽሑፉ ራሱ «አስማታዊ» ይለዋል ወይ? በዚህ መለኪያ የድራጎን እስትንፋስ አስማት አይባልም፤ ፊልዱ ውስጥም ያቃጥላል። የሕጉ አዘጋጆችም በይፋ መልሳቸው ይህንኑ ብለዋል። የፓላዲኑ ስማይት ግን ስሎት ስለሚበላ ይቆማል። ጓደኞችህ ግማሹ ከአንዱ ዕትም፣ ግማሹ ከሌላው አንብበው ከመጡ ሌሊቱን ሙሉ ብትከራከሩ አትግባቡም። መጀመሪያ መጽሐፉን አንድ አድርጉ።

ሕጉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከኛ ጨዋታ ላሳይህ። ታሪካችን ከባሶ ገበያ ተነስተው ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች መካከል ነው የሚሄደው። ገደሉ ውስጥ አስማት የማይሠራበት ጥቁር ድንጋይ ያለበት ጉድጓድ አኖርኩ። ሕጉ ከአንቲማጂክ ፊልድ ጋር አንድ ነው፤ ማንም የዘረጋው አይደለም፣ ቦታው ራሱ ነው። «ጠበል ይሁን» ያለኝ ተጫዋች ነበር። አልተስማማሁም። ሰው በእውነት የሚታመንበትን፣ እናቶቻችን በሌሊት ተነስተው የሚሄዱበትን ነገር የጨዋታ ቁጥር ማድረግ ደስ አይለኝም።

ሌሊት ሌሊት ከአጋሰሶቹ አንዱን እየጎተተ የሚወስድ ጅብ አለ። ጅብም ሰውም ነው፤ በንክሻ የተለከፈ ላይካንትሮፕ። በቅርጹ ሳለ ከብር በቀር ማንኛውም መሣሪያ ሲመታው ጉዳቱ በ5 ይቀነሳል። ተዋጊያችን ተራ የብረት ሰይፍ ነው የያዘው። 14 ይመታል፣ 9 ይገባል። እየመታ፣ እያፈገፈገ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሳበው። ጅቡ ዘሎ ገባ። ቅርጽ መለወጡ ኤስዩ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሆነ ብዬ ወሰንኩ። አሁን ተመልከት፤ ጉዳት መቀነሱ ኢኤክስ ነው፣ ፊልዱ በቀጥታ አይነካውም። መጽሐፉ ግን ይህን ችሎታ የሚሰጠው በእንስሳ ወይም በድቅል ቅርጽ ላይ ላለ ብቻ ነው። ቅርጹ ሲሄድ አብሮት ሄደ። ቀጣዩ 14 እንዳለ ገባ። በችቦው ብርሃን ሲያዩት የቃፍላው አለቃ ነው፤ ሲያበላቸውና ሲያስተኛቸው የነበረው ሰውዬ። ደሙን እያበሰ «ከዚህ አታውጡኝ» አላቸው። አልዳነም፤ ታፍኖ ነው ያለው። ከድንጋዩ እንደወጣ ልክፍቱ ይጠብቀዋል። ቡድኑ የዚያን ቀን የቀረውን ሰዓት በሙሉ የተከራከረው ይህን ሰው ምን እናድርገው በሚለው ላይ ነበር።

በነገራችን ላይ ቡዳ የሚለውን ስም ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ ሰውዬውንም ቀጥቃጭ ወይም ሸማኔ አላደረግሁትም። በዚያ ስም ባለ እጆች በአገራችን ብዙ ተገልለዋል፣ ተጎድተዋል። እናንተም ከአገር ቤት ታሪክ ስትወስዱ ይህንን አስቡበት።

የናንተ ውጊያ ገና ስላላለቀ አሁን ማድረግ የምትችሉትን ልንገርህ። ፊልዱን ዊዛርዱ በፈለገ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል፤ አንድ ስታንዳርድ አክሽን (የአንድ ተራ ዋና ድርጊት) ይፈጃል። ባይነሳ በሌቭል 12 ለ120 ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ ውጭ ያለው ጓደኛችሁ ወደ ክቡ ይግባ፤ ድራጎኑ ከላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ሰው ካጣ ለመንከስ ወርዶ ይጠጋል። ከወረደ በኋላ ዊዛርዱ ፊልዱን ያንሳ። ያኔ ስማይትህ ይመለሳል፤ በአንድ ምት ላይ 12 ጉዳት ይጨምራል፣ በቀን ሦስት ጊዜ አለህ። ካሪዝማህ +3 ከሆነ እጅህም 36 ሂት ፖይንት ይፈውሳል። ግን እሳቱም አብሮ ይመለሳል። ስለዚህ ተራውን ከዲኤሙ ጋር አረጋግጡ፦ መጀመሪያ ዊዛርዱ፣ ቀጥሎ አንተና ባርባሪያኑ፣ ከዚያ ድራጎኑ። የድራጎኑ ተራ ከመካከላችሁ የሚገባ ከሆነ ዊዛርዱ ተራውን ያዘግይ።