የአያትሽን ዘር ፍለጋ ከወረዳ አትጀምሪው

እህቴ፣ «አያቴ ደጃች ውቤ ሰፈር ኖረው በ1984 ዐረፉ፤ አባታቸው ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ለማወቅ ወረዳ ብሄድ መዝገብ የለም ብለው መለሱኝ፤ ከየት ልጀምር?» ላልሽው ነው። የለም ያሉሽ እውነታቸውን ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ሰው ወረዳ ላይ ከተገኘ የሚገኘው በቤቱ ማኅደር ነው፤ እሱም የተያዘው በድሮው ከፍተኛ (በደርግ ጊዜ ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) እና ቀበሌ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከአሮጌ የኪራይ ደረሰኝ ወይም ከቀበሌ መታወቂያ ገልብጠሽ ካልያዝሽ «ነገ ተመለሺ» እያሉ ያመላልሱሻል። አንዳንዱማ ቀና ብሎም አያይሽ።

1. ከቀብር ወረቀት ጀምሪ። በቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ከአንዱ ቁም ሳጥን አይጠፋም። የአያትሽን ብቻ ሳይሆን የወንድሞቻቸውንና የእህቶቻቸውንም ሰብስቢ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ እዚህ ቦታ ተወለዱ» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ። የትውልድ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ይታመናል። ዓመቱን ግን አትመኚው፤ ሌሊቱን የወንድም ልጅ በግምት የጻፈው ነው። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅም እዚያ ወረቀት ላይ አይገባም፤ እሱን ለብቻ ጠይቂ።

2. ስማቸውን ሁሉ ሰብስቢ፦ የመታወቂያውን፣ የክርስትናውን፣ የቤት ስማቸውን፣ ማዕረግ ካላቸው ማዕረጉን። ደብሩ ሄደሽ «አቶ እገሌን ያውቋቸዋል?» ብትዪ ካህኑ ግራ ይገባቸዋል፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም የወጣው በክርስትና ስም ነውና። ግራዝማች ወይም ባላምባራስ ከነበሩ ደግሞ ሰፈሩ የሚያስታውሰው ማዕረጉን ነው። መዝገብ በፊደል ተራ ከሆነ ኃይሉን በሀም በሐም በኀም፣ ፀሐይን በጸም በፀም ፈልጊ። ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው።

ብዙ ሰው ዓመታት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ተራ ቁጥሩን ልተወውና ይሄን በደንብ ልበል። መታወቂያው ላይ ሁለተኛው ስም ሁልጊዜ የወለደ አባት አይደለም። ልጅ ከገጠር መጥቶ አጎቱ ወይም አያቱ ዘንድ ሲያድግ ትምህርት ቤት የሚመዘገበው ባሳዳጊው ስም ነበር። እዚያው ስም ላይ ትዳሩም ደመወዙም ይቀጥላል። አንቺ ሦስተኛውን ስም ይዘሽ ወደ ላይ ስትወጪ የሌላ ሰው ዘር ትቆጥሪያለሽ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው የተባሉ ወንድማማቾች በተለያየ የአባት ስም ሲጠሩ ካየሽ ጠርጥሪ። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን ሴት «በማን ስም ይጠሩ ነበር?» ብለሽ መልሱን ጻፊ። ወሬውን ወደ ሌላ ወስደሽ «የወለዳቸውስ ማን ነበር?» በይ። ሁለቱን አንድ ላይ ከጠየቅሽ አንድ መልስ ነው የምታገኚው። ካልሆነም በቤተሰቡ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የቆጠሩት ሽማግሌ ማን እንደነበሩ አጣሪ፤ እሳቸው የቆጠሩት በሥጋ ነው፣ ባሳዳጊ ስም አይደለም።

ዕድሜን በቁጥር አትጠይቂ። «የኅዳር በሽታ ሲገባ ተወልደው ነበር? ጣልያን ሲገባ አግብተው ነበር? በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የት ይሠሩ ነበር?» በይ፤ 1911፣ 1928፣ 1953 ይሆንልሻል። ውጭ ያሉ ዘመዶች የሚልኩልሽን ቀን ደግሞ ወራቱን አይተሽ መልሺ። ኅዳር 1945 በፈረንጅ 1952 ነው፤ ግንቦት 1945 ግን 1953። ሁሉንም ስምንት እየቀነሱ ሲያበላሹት ይኖራሉ። መቃብር ላይ የግዕዝ ቁጥር ካለ ፮ና ፯ን በጎን ብርሃን እዪ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ አንድ ይመስላሉ።

ውርስ ከተካፈሉ የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ የወራሾች ስም ዝርዝር አለ። የመዝገብ ቁጥሩን ከቤቱ ካርታ ጋር ከተያዙት ወረቀቶች ፈልጊው፤ ያለ ቁጥር ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገብ ማስወጣት ጭንቅ ነው።

እኔ ከሁሉ የማምነው ግን የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር ለአባሉ ብቻ ሳይሆን ለወላጅና ለአማትም ሞት ስለሚከፍል አባሉ ሲገባ የሁለቱንም ወገን ወላጆች ስም ያስመዘግባል። ሐሰት ከተጻፈ ገንዘብ አይወጣምና ሰው እውነቱን ነው የሚናገረው። የሴት አያትሽን እናት ስም የትም ባታገኚ እዚያ ታገኚያለሽ። ችግሩ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ አባላቱ ተበትነዋል፤ መዝገቡ ያለው የመጨረሻው ጸሐፊ ቤት ነው፣ እሳቸው ካለፉም ልጆቻቸው ጋ። አድራሻውን የምታገኚው ከዕድሩ ዳኛ ወይም ከጡሩንባ ነፊው ነው። ስትሄጂ ሰው አስከትለሽ፣ ከአባላቱ በአንዱ አስጠርተሽ ሂጂ፤ ብቻሽን ከሄድሽ የካሳ ጉዳይ ይመስላቸዋል። መዝገቡን ልውሰድ አትበይ፣ እዚያው በስልክሽ አንሺው። ሽፋኑንም እንዳትረሺ፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ቀንና ወር ብቻ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው።